ቢምቢ በቆሰበር

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ጠዋት እጄ የሚጨብጠው አጣ። ዕድሜዬን በሙሉ ክፍል በር ላይ ቆሜ የተማሪ እጅ ስጨብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከግቢ ወጥቼ የጎረቤት ልጆችን ጨበጥኩ፤ አላረካኝም። የባጃጅ ሹፌሩን ጨበጥኩ። «ቲቸር፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለኝ። «የትም» አልኩት። ይህን የሰማችው ልጄ «እማዬ፣ መንገደኛውን ሁሉ ከምታስቸግሪ ቁጭ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ይኸው ተቀምጫለሁ።

ስለ ደመወዝ ብዙ አልልም፤ እሱም ስለ ራሱ ብዙ የሚለው አልነበረውም። ስለ ዕቅድና ሪፖርትም እንዲሁ። የጻፍኩት ወረቀት ቢለጣጠፍ የክፍሉን መስኮት ሁሉ ደፍኖ ከብርድ ያድነን ነበር፤ ይላክ ስለተባለ ላክነው፣ መስኮቱም እንደ ተከፈተ ቀረ። እኔ የምጽፈው ስለ ልጆች ነው። በተለይ ስለ አንዲት ከቆላ ስለመጣች ልጅና እሷ ከመጣች በኋላ ትምህርት ቤታችን ስላሰማው ድምፅ።

መጀመሪያ ግን ሥራውን ማን እንዳስተማረኝ ልናገር። የዳንግላ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያ ምደባዬ ቆላ ሆነ። በሠፈራ የመጡ የወሎ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱበት አገር ነው። ወበቁ እንዳይገድለኝ እናቴ አለቀሰች፣ አባቴ ጃንጥላ ገዛልኝ። እዚያ ያገኘሁት ጋሽ ምህረቱ የሚባል አንጋፋ መምህር በዚያ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር።

ጋሽ ምህረቱ ሦስት ልማድ ነበረው። አንደኛው መጨበጥ ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ልጅ ይጨብጣል። «መዳፉ ከጋለ ወባ ይዞታል፤ ከቀዘቀዘና ላብ ላብ ካለው ሳይበላ መጥቷል፤ እጁን ቶሎ ከነጠቀሽ ደግሞ ቤት የሆነ ነገር አለ» አለኝ። ዕለቱን ሞከርኩት፣ አንዱንም ከሌላው መለየት አቃተኝ፤ ሁሉም መዳፍ አቧራ ብቻ ሆነብኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ዓይኔን ጨፍኜ መለየት ጀመርኩ። ሁለተኛው ልማዱ ከክፍል የቀረ ልጅ ካለ እሱ ቦታ ላይ ሄዶ መቀመጥ ነበር። ልጆቹ ዞረው እያዩት ይስቃሉ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ከዚያ ሆኖ ያስተምራል። አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጦ «እዚህ የሚቀመጠው ልጅ ሰነፍ ነው ስንል ኖረናል፤ ለካ ምሰሶው ሰሌዳውን ጋርዶበት ነው» አለኝ። ሦስተኛው፣ ክፍል ውስጥ ጥፋት ሲሠራ «ማነው?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። «ማነው ስትዪ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል። ተቀምጠሽ እዪ፤ ማን እንደሆነ ራሱ ይነግርሻል» ይላል።

እዚያው ወባ ያዘኝ። ከትኩሳቱ ይልቅ የማስታውሰው ተማሪዎቼን ነው። ከትምህርት ሲወጡ መጥተው አልጋዬ ዳር ይኮለኮሉና እኔ ስንቀጠቀጥ እነሱ ያወራሉ። ማንም አልጠራቸውም። የዚያ አገር ሰው የታመመ አጠገብ ይቀመጣል፣ በቃ።

ከቆላው በኋላ ዳንግላ ተዛወርኩ። ጠዋት በጋሪ ትምህርት ቤት የምሄድበት፣ ተማሪዎቼ ከኋላ እየሮጡ ጋሪው ላይ ሊንጠላጠሉ የሚሞክሩበት ደስ የሚል ዘመን ነበር። የዚያ አለቃችን ዕቅድ የሚወድ ሰው ነበር፤ ለሳቅ እንኳ ዕቅድ ቢወጣለት ደስ ይለው ነበር። የጋሪ ነጂ ልጅ «ፈረስ ፈረስ ይሸታል» ተብሎ ብቻውን ሲቀመጥ ያየሁት ዳንግላ ነው። ያንን አባቱ ጨረሰው። አንድ ቅዳሜ ክፍሉን በሙሉ ተራ በተራ በጋሪው ገበያውን አዞረልን፤ ሰኞ ዕለት ልጁ አጠገብ ለመቀመጥ ግፊያ ሆነ። ያኔ ይህ ሥራ ቀላል መሰለኝ። እንዲያ እንዳልሆነ የገባኝ መጨረሻ በሠራሁበት፣ እንጅባራ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ነው። ከተማው እንጅባራ ቢባልም እኛ አሁንም ቆሰበር ነው የምንለው።

ቆሰበር ሰማዩ ውኃ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መምህር ጮኾ ቢሞት የሚሰማው የለም። እኔ ዝናብ ሲጀምር ጠመኔዬን አንስቼ በዝምታ ማስተማር ለመድኩ፤ ሥዕል እየሣልኩ፣ በእጄ እየጠቆምኩ። ልጆቹም ያንን ሰዓት ይወዱት ነበር። ብዙዎቹ ከዳር ቀበሌ የሚመጡ፣ ክፍል ውስጥ በአማርኛ እየተማሩ ሜዳ ሲወጡ በአገሩ ቋንቋ በአውኚ የሚጫወቱ ናቸው።

ሀያት አራተኛ ክፍል የገባችው በእንዲህ ያለ የመስከረም ጠዋት ነው። ሁለት ሹራብ ደርባለች፣ በላዩ የአክስቷን ጋቢ ተከናንባለች፣ እግሯ ላይ የወንድ ካልሲ አለ። ከጋቢው ውስጥ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። አክስቷ ዘይነባ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ፣ አፈ ጣፋጭ ሴት ናት። ልጅቷን በር ላይ አስረክባኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«መምህርት፣ የወንድሜ ልጅ ናት። ታናሿን ባለፈው ክረምት ወባ ወሰደብን። እሷንም እየጣለ ሲያነሳት ነው የከረመው። አባቷ እዚህ ደጋው ላይ ትትረፍልኝ ብሎ ነው የላካት። አደራዎን።»

ጨበጥኳት። መዳፏ ይፋጅ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወባው ክፍል ውስጥ ተነሳባት። ከቆላ በደሟ ተሸሽጎ አብሯት ወጥቶ ኖሯል። እሷ ስትንቀጠቀጥ ዴስኩ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ አጠገቧ የነበሩት ሁለት ልጆች ብድግ ብለው ሸሹ። ዘይነባ ተጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ዳነች። ስትመለስ ግን ያ ዴስክ ለብቻዋ ሆኖ ጠበቃት። ከፊቷም ከኋላዋም ያሉት ተጠጋግተው በመሀል ባዶ ቦታ አበጅተዋል። ወላጆቻቸውም ሳይመክሯቸው አልቀሩም።

ከዚያ ድምፁ ተጀመረ። የወባ ትንኝን እኛ ቢምቢ ነው የምንላት። ፊቴን ወደ ሰሌዳ ሳዞር «ዝዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከክፍሉ ይነሳል። ስዞር ሁሉም አፉን ዘግቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ እንደ ደብተራ ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል። አፍ ተዘግቶ የሚወጣ ድምፅ ነውና ማንንም መያዝ አይቻልም። ሀያት ስትገባ ዝዝዝ፣ ስትነሳ ዝዝዝ፣ ስሟን ስጠራ ዝዝዝ። የነገሩ አውራ በላይነህ የሚባል ልጅ ነበር። የፈረሰኛ ልጅ፣ ደፋር፣ ሳቂታ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም የምወደው። አፉን ቢዘጋም ጉንጩ ይርገበገብበታል፤ ጋሽ ምህረቱ እንዳለው ራሱ ነገረኝ።

የመምህራን ስብሰባ ተደረገ። ርዕሰ መምህራችን ጥላሁን ወጣት ነው፣ ልቡ ንጹሕ። ልጆቹ ያጠፉት ባለማወቅ ስለሆነ ትምህርት ይሰጣቸው ተባለ፤ ሁላችንም እጅ አወጣን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትልቅ ሥዕል ይዛ መጣች፤ የዶሮ ጫጩት የምታክል ቢምቢ፣ ሆዷ በደም የቀላ። ተማሪው በሰልፍ እንደ ቆመ ማስረዳት ጀመረች። ወባ አብሮ በመቀመጥ አይተላለፍም፤ ቢምቢዋ የታመመውን ሰው ነክሳ ከደሙ ትወስድና ጤነኛውን ስትነክስ ታስይዘዋለች አለች። አንድም ስሕተት የለበትም። የቀራት ትልቁ ነገር ነበር፤ ያቺ ቢምቢ የቆሰበርን ብርድ አትችልም፣ እዚህ የለችም የሚለው። እሱን ልትል አፏን ስትከፍት ዝናቡ ወረደ። ተማሪው ጮኾ ወደ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ተበተነ፣ ሥዕሉ ራሰ፣ ትምህርቱ አበቃ። የቆሰበር ዝናብ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ አይጠብቅም።

በማግስቱ በር ላይ ቆሜ ሀያትን ጨበጥኩ። ቀጥሎ የመጣው ልጅ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ልጅም ደበቀች። በላይነህን ጨምሮ ግማሹ ክፍል እጁን ከኋላው አጣምሮ ገባ። ለካ ልጆቹ የሰሙት ቢምቢዋ ከሀያት ወስዳ ለእነሱ እንደምታቀብል ብቻ ነው። በፊት የሸሹት እሷን ነበር፤ አሁን የነካችውን ሁሉ ሆነ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም አልረሳውም። አስተካክለን ብንነግራቸው ማን ይስማን፤ ጆሮ አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። ጥላሁን ተናደደና ድምፁን ያሰማ ይንበረከካል ብሎ አወጀ። ድምፁ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ ይጠብቃት ጀመር።

ሀያት መምጣቷን አቆመች። መናኸሪያ ሄድኩ። ከዘይነባ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ ብርጭቆ ታጥባለች። ለምን ቀረሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁና። አጠገቧ ተቀመጥኩና አብሬያት ማጠብ ያዝኩ። ብርጭቆ እያቀበለችኝ «ቲቸር» አለችኝ፣ «እኛ አገር ሰው ሲታመም ሰው ይመጣል። እዚህ ሰው ሲታመም ሰው ይሄዳል።»

ዘይነባ ከወዲያ ሆና «ለአባቷ ደውዬ ነግሬዋለሁ» አለችኝ። «ካልሆነላት ጥር ሳይገባ መጥቼ እወስዳታለሁ ብሏል። ወደዚያ ከተመለሰች ደግሞ፣ መምህርት፣ እኔ ፈራሁ።» እኔም ፈራሁ። ታች ወባ አለ፣ ላይ ይህ ድምፅ አለ፤ ልጅቷ የት ትሂድ?

«ነገ ነይ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አልኳት። መጣች። እኔም ያ ባዶ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ማስተማር ያዝኩ። ድምፁ ክፍል ውስጥ ቆመ። ጓደኛ ግን አልመጣም። ለአሥር ዓመት ልጅ ጡረታዋ የደረሰ አሮጊት ጓደኛ አትሆናትም፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እረፍት ሲደወል ሁሉም ተቧድኖ ሲሮጥ ሀያት ወደ አንደኛ ክፍሎች ሜዳ ትሄዳለች። እነሱ ገና ትናንሽ ናቸው፣ የሰፈሩን ወሬ አልሰሙም።

ኅዳር ላይ ዝናቡ ቆሞ ውርጩ መጣ። አንድ ቀን ጥላሁን ከቢሮው እየበረረ ወጣ። ከአንደኛ ክፍሎች ሜዳ ያ የተከለከለው ድምፅ እየመጣ ነው፣ እንዲያውም በስንት እጥፍ ጎልቶ። ተከትዬው ሮጥኩ። የምታሰማው ወለላ የምትባል፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የአንደኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ጥርስ ስለሌላት ቢምቢዋ ያፏጫል። እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ ልጆቹን ታሯሩጣለች። ጥላሁን «ማነው?» ሊል ሲል ክንዱን ያዝኩት። «ጥላሁን ልጄ፣ እስኪ አንዴ ቁጭ በልና አብረን እንይ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጨዋታው የሀያት ነው፤ ከቆላ ያመጣችው። መሬት ላይ የተሠመረ ክብ አለ፣ አጎበር ይባላል። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው አይነካም። ግን ሁሉም ተራ በተራ ወጥቶ የሰንደቅ ዓላማውን እንጨት ነክቶ መመለስ አለበት፤ ቢምቢዋ ደግሞ «ዝዝዝ» እያለች ታባርራለች። የተነካ ባለበት ይቀመጥና ይንቀጠቀጣል። ራሱ መነሳት አይችልም። የሚድነው ሌላ ልጅ ከአጎበሩ ወጥቶ፣ ቢምቢዋን አምልጦ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እስከ አሥር ሲቆጥርለት ነው። ትንንሾቹ የሚቆጥሩት በአውኚ ስለሆነ ሀያትም በአውኚ መቁጠር ተምራለች።

ጥላሁን አንድ ዙር እስኪያልቅ አየ። በኋላ «ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። «ምንም ብለህ አትጻፈው» አልኩት። በሕይወቱ የተሰጠው ምርጥ ምክር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታ መቼም ተላላፊ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ ክፍሎች ገቡ፣ ከዚያ ሦስተኛዎቹ። የእኔ አራተኛዎች ዳር ቆመው «የሕፃን ጨዋታ» እያሉ ያያሉ፤ የማይፈልጉት ቢሆን ባላዩትም ነበር። በመጨረሻ በላይነህ አልቻለም። መጥቶ ሀያት ፊት ቆመ፣ መሬት መሬቱን እያየ «እኔም ልግባ» አለ።

ሀያት አየችው። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀች። «አዲስ የገባ ቢምቢ ነው የሚሆነው» አለችው። ሕጉ እውነት ነው፣ ለሁሉም እንዲሁ ነው። ይህን ያህል ጊዜ አፉን ዘግቶ ያሰማውን ድምፅ አሁን አፉን ከፍቶ፣ በአደባባይ፣ ትምህርት ቤቱ እያየው አሰማ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ ድንጋዬ ላይ ሆኜ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ።

በሚቀጥለው ዙር እሱ ራሱ ተነካ። ተቀመጠና ተንቀጠቀጠ፤ ከሁሉም አብልጦ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ተዋናይ ነገር ነው። ጓደኞቹ ከአጎበሩ ውስጥ ሆነው ይስቁበታል እንጂ ወጥቶ የሚያድነው ጠፋ። ሳቁ እየቀነሰ፣ እሱም በውርጩ መሬት ላይ እውነት እየበረደው መጣ። ያኔ ሀያት ጋቢዋን ጥላ ሮጠች። ቢምቢዋን አምልጣ አጠገቡ ዱብ አለች። በላይነህ ሳያስበው ስንዝር ያህል ፈቀቅ አለ።

«ትከሻ ካልገጠመ አይቆጠርም» አለችው።

ተመልሶ ገጠመ። መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ስትደርስ ተሳሳተች፣ እሱ አረማት፣ እሷ ደገመችው፣ ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ስገባ በላይነህ ደብተሩን ይዞ ዴስኬ አጠገብ ቆሟል። «ቲቸር፣ ይነሱልኝ፣ እዚህ እኔ ልቀመጥ ነው» አለኝ። ከሥራዬ ተነሽ ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ምሳ አብረው ይበሉ ጀመር፤ እሱ የተቀቀለ ድንች ያመጣል፣ እሷ ከዘይነባ ሻይ ቤት የተረፈ ብስኩት።

ዘይነባ ይህንን ለወንድሟ ልትነግረው ስትደውል ኔትወርክ የለም፤ በሚቀጥለውም ቀን የለም። የሀያት አባት ሰይድ ግን ቀድሞ የሰማውን ይዞ ተነስቶ ኖሯል። አንድ ዓርብ ሻይ ቤቱ ደርሶ ዘይነባን ልብሷን ጠቅልዪ አላት፤ የምትለውን ሳይሰማ ወጥቶ በእረፍት ሰዓት ዱላውን ይዞ የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። ከቆላ ሲመጣ የለበሳት ስስ ሸሚዝ እንኳ ብርዱን አላስታወሰችውም፤ ፊቱ በንዴት ይነድዳል።

ያየውን አስቡት። ግቢው ሙሉ ልጅ «ዝዝዝዝ» ይላል። በመሀል ልጁ መሬት ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች።

«ያ አላህ» ብሎ ሮጠ። እኔም ከዚህኛው በኩል ሮጥኩ፣ ጉልበቴ ግን የድሮ አይደለም። ሰይድ ደርሶ ሊያነሳት ሲጎነበስ አንድ ልጅ በብብቱ ሥር ሾልኮ ገብቶ ትከሻውን ከሀያት ትከሻ ጋር ገጠመና በጥድፊያ መቁጠር ያዘ። በላይነህ ነው። አሥር ላይ ሲደርስ ሀያት ተፈናጥራ ተነሳችና እየሳቀች ወደ አጎበሩ በረረች። አባቷን ያየችው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው።

ሰይድ ባዶ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ወለላ ቀስ ብላ ከኋላው መጣችና በትንሿ መዳፏ ጭኑን መታችው። «ተነክተዋል» አለችው በዚያ ጥርስ በሌለው አፏ። «ይቀመጡ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ልጅ ምንድነው የምትለው፣ መምህርት?»

«የጨዋታው ሕግ ነው» አልኩት እያለከለክሁ። «የተነካ ይቀመጣል። ሰው መጥቶ ካልቆጠረለት አይነሳም።»

ሰውየው ምን እንደነካው አላውቅም፤ ዱላውን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ። የማያውቁት ትልቅ ሰው አጠገብ ማን ደፍሮ ይቀመጣል? ሀያት ልትወጣ ስትል በላይነህ ቀደማት። ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትከሻው የሰይድ ክንድ ላይ ነው የሚደርሰው።

«ስምህ ማነው?» አለው ሰይድ።

«በላይነህ።»

ስሙን በስልክ ሰምቶታል። «አንተ ነህ እንዴ?» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ በላይነህ። ድምፁ ቀጠነ፤ ከቦታው ግን አልተነቃነቀም።

ሰይድ ወደ ሀያት ተመለከተ። ጋቢዋን ወለላ ለብሳዋለች፤ ሀያት በአንድ ሹራብ ብቻ ከልጆቹ መሀል ቆማ ሁለቱን ታያለች። ጉንጯ ሞልቷል። እኔም ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

«ስንት ድረስ ነው የምትቆጥረው?» አለ ሰይድ።

«እስከ አሥር።»

«በል ቁጠርልኝ።»

በላይነህ ቆጠረ። ደወል የሚመታው ዘበኛ ብረቱን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ጠበቀ። አሥር ሲሞላ ሰይድ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ልጁን ጠራት።

«ልብስሽን ዘይነባ ጠቅልላ ጨርሳዋለች። ማታ ፍቺውና መልሰሽ ስቀዪው። እኔ ነገ ብቻዬን እወርዳለሁ።»

ሁላችንም ታለቅስ ይሆን ብለን አየናት። እሷ ግን የምታየው ወለላን ነበር፤ ጋቢው እያደናቀፋት፣ ክንፏን ዘርግታ፣ በአባቷ ጀርባ እየመጣች ነው።

«አባባ፣ ድነሃል እኮ» አለችው። «ሩጥ እንጂ።»

ሰይድም ሮጠ።